የይርጋ መርዶ

በደባርቅ ጥግ፣ ወደ ሊማሊሞ ቁልቁለት በሚወስደው መንገድ ዳር ያለው የድሮ የእህል መጋዘን በሩ ሲከፈት አፍንጫዬን የመታው ሽታ፣ አዲሱ ቀለም ሊሸፍነው ያልቻለ የገብስ አቧራ፣ የአይጥና የእርጥብ ድንጋይ ሽታ ነበር፤ ወዲያውም አፌ ውስጥ የቀዘቀዘ ቅቅል ድንች ጣዕም መጣብኝ። የልጅነት ሽታ የሰውን ሆድ ያባባል ሲሉ እሰማለሁ። እኔን ግን በሩን መልሰሽ ዝጊ ዝጊ ነው ያለኝ። ክንዴን ይዛ ከጎኔ የቆመችው እናቴ ናት፤ ከውስጥ፣ ከሦስተኛው ክፍል፣ የአንድ ሰው ድምፅ ይሰማል፤ ያ ሰው የሚናገረው ነገር ደግሞ እናቴ ጆሮ እንዳይገባ አንድ ሰፈር ሙሉ ሰው ዕድሜውን ሲጠነቀቅለት የኖረው ነገር ነው።

መጋዘኑ ዛሬ የጦር ምርኮኞች መታሰቢያና ሙዚየም ሆኗል። ልጆች ሳለን ብቻችንን እንዳንደርስበት ያስጠነቅቁን የነበረው ቤት አሁን በራፉ ላይ አበባ ተተክሎለት፣ "እንኳን ደህና መጡ" ተጽፎበት ሰው ይጋብዛል። መከፈቱን የነገረችኝ የልጅነት ጎረቤታችን እትዬ ማንጠግቦሽ ናት። ጎንደር ድረስ ደውላ፣ እሷ ሰላምታ ያላስረዘመችበት ቀን ቢኖር ያ ቀን ብቻ ነው፣ "ስሚኝማ፣ እናትሽን ትርንጎን ይዘሻት እንዳትመጪ" አለችኝ። "ያ ገመቹ የሚባለው ምርኮኛ ትዝ ይልሻል? አልሞተም ለካ! በቴሌቪዥን ቀርጸውት ሦስተኛው ክፍል ቁጭ ብሎ ሁሉን ይዘረግፈዋል፣ የወንድምሽን የይርጋን ነገር ሳይቀር። ሲጨርስ ደግሞ እንደገና ይጀምራል። ቀኑን ሙሉ ነው የሚያወራው፣ አይደክመውም።"

እናቴ ግን ወሬ የሚያመልጣት ሴት አይደለችም። አንድ እሑድ ከቅዳሴ ስትመለስ፣ ከደባርቅ ለጸበል የመጡ ሴቶች ነግረዋት ኖሮ፣ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ "መጋዘኑን ከፈቱት አሉ፤ ወስደሽ አሳይኝ" አለችኝ። ጉልበትሽ አይችልም አልኳት፤ በማግስቱ ደረጃውን ወጥታ ወርዳ አሳየችኝ። መንገዱ ተዘግቷል አልኳት፤ መንገዱ ተከፈተ። ክረምት ነው አልኳት፤ ክረምቱ አለፈ። እኔ አዋላጅ ነርስ ነኝ፤ "እንኳን ማርያም ማረችሽ" እያልኩ የኖርኩ ሰው ነኝና ክፉ ወሬ መንገር አልለመደብኝም፣ እንዲህ ያለው ሲመጣ ለሐኪሙ እተወዋለሁ። በመጨረሻ አንድ ማለዳ ስነሣ እናቴ ለባብሳ፣ ዘንቢሏን ጭኗ ላይ አድርጋ በራፍ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት፤ ካልወሰድኳት ብቻዋን መናኸሪያ እንደምትሄድም ነገረችኝ። እንደማትቀልድ ስለማውቅ አብሬያት ወጣሁ።

መንገዱ ላይ በየኬላው ወረድን፣ ተፈተሽን፣ ወጣን። ሚኒባሱ ውስጥ ያለነው ሴቶችና ሽማግሌዎች ብቻ ነበርን፤ ጎረምሳ የሚባል አልነበረም፣ ለምን እንደሌለም የጠየቀ የለም። ሾፌሩ ዘፈን ከፍቶ ነበር፤ ከአንዱ ኬላ በኋላ ዘጋው፣ መልሶም አልከፈተውም። ዳባት ስንደርስ ለሻይ ቆመን ሁሉም ሲወርድ እናቴ አልወረደችም። ገበያው ባለበት በኩል ያለውን መጋረጃ ሳበችና ዓይኗን ጨፈነች። እኔም አጠገቧ ቀረሁ።

ይርጋን ያጣነው ዳባት ገበያ ላይ ነው። ታላቅ ወንድሜ ነበር፤ አባታችን ቀደም ብሎ በበሽታ ስለሞተ እርሻውም ቤቱም በሱ ትከሻ ላይ ነበር። አንድ ቅዳሜ ጨው ሊገዛ ወረደ፤ የዚያን ቀን ወታደሮች ገበያውን ከብበው ጎረምሳ የተባለውን ሁሉ እያፈሱ መኪና ላይ ጫኑት። ማታ አህያችንን አንድ ጎረቤት እየነዳ አመጣልን፣ ጨው እንደተጫነች። እናቴ ጨውን አውርዳ፣ አህያዋን ውሃ አጠጥታ፣ ከዚያ በኋላ ነው መሬት ላይ የተቀመጠችው። ወደ ማሠልጠኛ፣ ቀጥሎም ወደ ሰሜን ጦር ግንባር እንደወሰዱት ሰማን፤ አንድ ጊዜ ብቻ "ደህና ነኝ በሏት" የሚል ቃል በሰው አፍ ደረሰን። ከዚያ ወዲያ ዝም ሆነ።

በዓመቱ ከተማችን እጅ ለወጠች። ሠራዊቱ አንድ ምሽት እንደዋዛ ለቆ ወጣ፣ በማግስቱ ታጋዮቹ ገቡ፣ ትምህርት ቤታችን ተዘጋ፤ እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ስለነበር በትምህርት ቤቱ መዘጋት ከመደሰት ሌላ የገባኝ ነገር አልነበረም። ከሳምንታት በኋላ፣ ዐቢይ ጾም በገባ ሰሞን፣ ምርኮኞቹ መጡ። የዚያን ጠዋት የሊማሊሞ ጭጋግ ከገደሉ ወጥቶ መንገዱን ውጦት ነበርና መጀመሪያ ያየናቸው አይደለም፣ የሰማናቸው ነው፤ ከአዲ አርቃይ ቆላ ዳገቱን በእግር የወጡ የብዙ ሰዎች ባዶ እግር ድምፅ፣ አንድም የሚያወራ ሰው የሌለበት። ከዚያ ጭጋጉ ውስጥ ፊቶች መታየት ጀመሩ፤ አቧራ የጠጣ ፊት፣ የደረቀ ከንፈር፣ ከትከሻ ላይ የተጣለ ብርድ ልብስ። የከተማዋ ሴቶች ሁሉ ወጥተው ፊት ለፊት እያዩ የልጃቸውን ፊት ይፈልጋሉ። እናቴ ከሰልፉ ጎን ጎን እየሮጠች "ይርጋ አለሙ! የደባርቁን ይርጋ አለሙን የሚያውቅ!" ትላለች። አንድ ረጅም ቀጭን ምርኮኛ ቀና ብሎ አያት፤ አያትና ቶሎ አቀረቀረ። እኔ አየሁት። እናቴም አይታዋለች።

ምርኮኞቹን ያጎሯቸው በዚህ መጋዘን ነበር። ታጋዮቹ ለራሳቸውም የሚበሉት ስላልነበራቸው ምርኮኛውን መመገቡ የሰፈሩ ሴቶች ጣጣ ሆነ፤ ማንም አላዘዛቸውም፣ እስረኛ ተርቦ እያዩ ማለፍ በአገራችን ነውር ስለሆነ ነው። እናቴ ደግሞ የራሷ ስሌት ነበራት። እኔ የሰው ልጅ ካበላሁ፣ ልጄ የተማረከ እንደሆነ ሌላዋ እናት ታበላልኛለች ትል ነበር፤ ይህን የምትለው እንደ ጸሎት ሳይሆን ከአንዲት የማታውቃት ሴት ጋር እንደተዋዋለች ሆና ነው። በየቀኑ ድንች እንቀቅላለን፣ በሶ እንበጠብጣለን፣ ይዘን እንወርዳለን።

በሩ ላይ ሕግ ነበር፤ ስንቅ ያመጣ ሰው መርዝ እንደሌለበት በጠባቂው ፊት መቅመስ አለበት። እናቴ ግን በጾሙ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል በአፏ አይዞርም፤ ጠባቂውን ብትለምነው፣ እሱም ሕጉን አላፈርስም ቢል፣ ቀማሿ እኔ ሆንኩ። ድንቹን እቀምሳለሁ፣ በሶውን እቀምሳለሁ፣ ጠባቂው አፌን አስከፍቶ ያያል፣ ዓይኑ ግን ሳህኑ ላይ ነው፤ እሱም ይራብ ነበር። በዚያ የረሃብ ዓመት ከደባርቅ ልጆች ሁሉ የወፈርኩ እኔ ሳልሆን አልቀርም። የቅምሻው ትርጉም የገባኝ ቆይቶ፣ አንዷ ጓደኛዬ "መርዝ ቢኖርበት እኮ መጀመሪያ የምትሞቺው አንቺ ነሽ" ስትለኝ ነው፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴ ስታበስል ከአጠገቧ ፈቀቅ ብዬ አላውቅም። አምናት ነበር፣ ቢሆንም።

ያ ረጅም ምርኮኛ ስሙ ገመቹ ነበር፣ አገሩ ከጅማ ወዲያ። እናቴ በሩ አጠገብ እሱን ፈልጋ ነበር የምትሰጠው። ድንቹን በሁለት እጁ ይቀበላል፣ ይቆርሳል፣ አፉ ውስጥ ያደርገዋል፣ ከዚያ አንገቱ ላይ የሆነ ነገር ይቆማል፤ እኔ ቀማሽ ስለነበርኩ ሰው ሲውጥና ሳይውጥ የመለየት ዓይን ነበረኝ፣ ገመቹ አይውጥም። "ብላ እንጂ ልጄ፣ ምነዋ?" ትለዋለች። "በልቻለሁ፣ እማማ" ይላታል። ይርጋ አለሙን ታውቀው እንደሆነ ብላ ስትጠይቀው ደግሞ "ብዙ ነበርን፣ እማማ" ይላል፤ ሁልጊዜ ያችኑ ብቻ፣ ወዲያ ማዶ እያየ። አንድ ቀን እናቴ መጠየቋን ተወች። ድንቹን ግን አልተወችም።

የንስሐ አባታችን መምሬ ውበቱ በየሰንበቱ መጋዘኑ ገብተው ምርኮኞቹን እንዲባርኩ ተፈቅዶላቸው ነበር። ሲመለሱ እኛ ቤት ጎራ ብለው ውሃ መጠጣት፣ እኔንም "ነይ እስቲ ወፍራም" ብለው መስቀል ማሳለም ልማዳቸው ነው። አንድ ሰንበት ከመጋዘኑ ወጡና ቤታችንን አልፈው፣ በታችኛው መንገድ፣ በአጥሩ ጀርባ ሄዱ። መቋሚያቸው ከአጥራችን በላይ ብቅ ጥልቅ እያለ ሲያልፍ አየሁት። እናቴ ውሃውን ቀድታ ይዛ ቆማ ነበር፤ ጥቂት ቆይታ ወደ እንስራው መለሰችው።

ከዚያ ሰንበት ጀምሮ ሰፈሩ ደግ ሆነብን። ሳንጠራቸው ሁለት ጎረቤቶች መጥተው መሬታችንን አረሱልን። እንጨት ተቆልሎ በራፋችን ላይ እናገኛለን፣ ማን እንዳመጣው ሳናውቅ። ከውሃ ወረፋ "እናንተ ቅደሙ" እያሉ ያስቀድሙናል፣ ሴቶቹም እኛ ስንደርስ ወሬያቸውን አንድ ላይ ያቆማሉ። አፏ ጦም አድሮ የማያውቀው እትዬ ማንጠግቦሽ አንድ ከሰዓት መጥታ፣ መደቡ ላይ ተቀምጣ፣ ጥጥ ስትፈለቅቅ ውላ፣ ምንም ሳትናገር ተነሥታ ሄደች። ልጆቹም በጨዋታ አይጣሉኝም፣ ያጠፋሁትን ሁሉ ይተዉልኛል። ደግነት እንደዚያ ያስፈራኝ ጊዜ የለም።

የሆነውን በኋላ፣ ካደግሁ ወዲህ፣ ከእትዬ ማንጠግቦሽ አፍ በቁርጥራጭ ሰማሁ። ገመቹና ይርጋ አንድ ጓድ ውስጥ ነበሩ። ይርጋ ሞቷል፣ ገመቹም በእጁ ቀብሮታል። ይህንኑ ለመምሬ ነገራቸው፣ መምሬም ለሰፈሩ ሽማግሌዎች። እንግዲህ መርዶ በአገራችን ሥርዓት አለው፤ የንስሐ አባትና ሽማግሌዎች ጎህ ሲቀድ፣ ሰው ገና ከቤቱ ሳይወጣ፣ ተሰብስበው ይመጡና ባለቤቱን አስቀምጠው ይነግሩታል፣ ሰፈሩም እየሰማ ይጎርፋል። እስኪነገረው ድረስ ባለቤቱ አያለቅስም፤ ልቡ ቢጠረጥር እንኳ ሳይረዳ ማልቀስ በሕያው ሰው ላይ ማሟረት ነው። ሽማግሌዎቹ ተማክረው፣ ትርንጎ በጾም ሰውነቷ ደክሟል፣ አሁን ብንነግራት እናጣታለን፣ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ይሁን አሉ። መምሬም ገመቹን እስከዚያ ቃል እንዳይወጣው በመስቀል አስማሉት።

የዳግማይ ትንሣኤ ማግስት እናቴና እኔ ድንችና፣ ጾሙ ስለተፈታ፣ አንድ ቅል እርጎ ይዘን ስንወርድ መጋዘኑ ተከፍቷል። ጭድ ብቻ አለ። ጠባቂውም የለም። አንዲት ጭድ ልትሰበስብ የመጣች ሴት አገጯን ወደ ሊማሊሞ አዙራ "ሌሊት ወደ ታች ወሰዷቸው" አለችን። ለምን፣ ወዴት የሚለውን የሚያውቅ አልነበረም። ከገደሉ አፍ ላይ ቆመን ቁልቁል አየን፤ ጭጋጉ እንደተኛ ነበር፣ ከሥሩ ምንም አይሰማም። ከዚያ ቀን በኋላ የደባርቅ ሴቶች እንጨት ሲለቅሙ ወደዚያኛው በኩል አይሄዱም ነበር። እርጎውን ይዘን ተመለስን፣ ቤት ስንደርስም ማናችንም አልጠጣነውም።

በዚያው ሳምንት ጦርነቱ ዞሮ መጣና ሰፈሩ ተበተነ። መምሬ ውበቱ በስደት ላይ ታመው ሞቱ፤ ከመሞታቸው በፊት "የትርንጎን ነገር አደራ" ብለው ለአንድ ሽማግሌ ነገሩ፣ ያ ሽማግሌ ወደ ሁመራ ወርዶ በዚያው ቀረ። አደራው የደረሰው ሌላው ሽማግሌ ደግሞ "የንስሐ አባቷ ያልነገሯትን እኔ ማን ሆኜ ነው የምነግራት?" አለ። እኛም ወደ ጎንደር፣ አክስቴ ዘንድ ገባን። መርዶውም እንዲሁ ከሰው ወደ ሰው ሲተላለፍ፣ ጊዜው ሲያልፍ፣ ማንም የማይደፍረው ነገር ሆነ፤ ሰው ሰላም እያለን፣ ለበዓል እየተጠራራን፣ "ይርጋስ?" የሚል ጠፋ። ለእኔም በወጉ የነገረኝ የለም።

ሙዚየሙን የሚያስጎበኘው ልጅ ንጹሕ ሸሚዝ የለበሰ፣ አንገቱ ላይ መታወቂያ ያንጠለጠለ፣ ትሑት ወጣት ነው። "እማማ፣ ቀስ ብለው፣ ደረጃ አለ" እያለ የእናቴን ሌላኛውን ክንድ ያዘ። በመጀመሪያው ክፍል የከተማዋ የድሮ ፎቶዎች አሉ፣ በሁለተኛው የቆርቆሮ ኩባያዎች፣ የተበሉ ብርድ ልብሶች፣ በመስታወት የተከለለ ጭድ። ጭድ በመስታወት ሲከለል አይቼ አላውቅም፤ በሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር። የዚያን ቀን ግን ሥራዬ አንድ ብቻ ነበር፣ እናቴን ሁለተኛው ክፍል ላይ ማስቀረት። ስለ ጣራው ጠየቅሁት፤ ልጁ ደስ ብሎት ስለ ፕሮጀክቱ፣ ስለ ቆርቆሮው ውፍረት፣ ስለ ውሃ መውረጃው አብራራልኝ። ስለ ግድግዳው ጠየቅሁት። ስለ መስኮቱ ልጠይቀው ስል እናቴ "ልጄ፣ መስኮት ቤታችንም አለ" ብላ ወደ ድምፁ ተራመደች።

ከኋላዋ ሆኜ ለልጁ ምልክት ሰጠሁት፤ ወደ ቴሌቪዥኑ እየጠቆምኩ፣ ጆሮዬን እየነካሁ፣ በእጄ እያራገብኩ፣ ዝጋው ማለቴ ነው። ልጁ ራሱን ነቀነቀ፣ ቶሎ ብሎ ሄደ፣ ድምፁንም እስከ መጨረሻው ከፍ አደረገው። "እማማ ይስሙ" አለኝ በደግነት፣ ወንበርም አመጣላት።

ገመቹ ሸብቷል። ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ወደ እኛ ሳይሆን ወደ ጎን እያየ ይናገራል። "እዚህ አንዲት እናት ነበረች፣ ድንች ታመጣልኝ ነበር" አለ። "ልጇ ይርጋ ጓደኛዬ ነው። ጥይት መትቶት እኔ እጅ ላይ አረፈ፣ እኔው ቀበርኩት። ለቄሱ ነገርኩ፣ ቄሱም እኛ እስክንነግራት አትናገር ብሎ በመስቀል አስማለኝ። እሷ በየቀኑ ትመጣለች። ልጇን ቀብሬ ድንቿን እንዴት ልብላው? ካልበላሁ ደግሞ ታውቃለች። አፌ ውስጥ ይዤው እቆይ ነበር።" ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አዞረና "ወደ ታች የወሰዱን ሌሊት ከተነሣነው ብዙዎቹ ሊማሊሞ ሥር አልደረሱም፤ እሱን እንኳ ዛሬ አልችልም፣ ሌላ ቀን" አለና ምስሉ ተቋረጠ። ስክሪኑ ጠቆረ፣ ከዚያም ገመቹ ባርኔጣውን ይዞ እንደገና ተቀመጠ።

እናቴ ሁለተኛውንም ሰማችው፣ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጥፋ። እኔ ውሃ ፍለጋ ቦርሳዬን እበረብራለሁ፣ እዚያ ውስጥ ውሃ እንደሌለ እያወቅሁ። "ገመቹ አረጀ" አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ "ነገረኝ አይደል? አንቺም ሰምተሻል፣ ይህም ልጅ ሰምቷል" አለችኝ።

"እማዬ..."

"አውቄው ነበር እኮ። ድንቹ ከጉሮሮው አልወርድ ሲለው ያን ጊዜውን አውቄዋለሁ። መምሬም በአጥር ጀርባ ሲሄዱ አውቄዋለሁ። ግን ማን ነገረኝና ላልቅስ? ሳይነግሩኝ አልቅሼ በልጄ ላይ ላሟርት? ይመጣሉ ብዬ ጎህ ሳይቀድ እየተነሣሁ፣ ቤቴን ጠርጌ፣ በሬን ከፍቼ ስጠብቅ ኖርኩ። መምሬ ሲሞቱ ሌላ ሰው ይልካሉ አልኩ። ጎንደር ስንገባ ቤቱን አላወቁት ይሆናል አልኩ። ዛሬም ደባርቅ የመጣሁት የሚነግረኝ ሰው ባገኝ ብዬ ነው።"

በልጅነቴ፣ ካደግሁም በኋላ፣ እናቴ ለምን ከዶሮ ቀድማ እንደምትነሣ ጠይቄያት አላውቅም ነበር፤ የአሮጊት እንቅልፍ ማጣት ይመስለኝ ነበር። እኛ ከመርዶው ስንሸሽጋት እሷ መርዶውን ደጅ ላይ ተቀምጣ ስትጠብቅ ነው የኖረችው። ወለሉ ላይ ተቀምጬ ጉልበቷን አቅፌ አለቀስኩ፤ እሷ ግን ራሴን እየዳበሰች "ተይ፣ እዚህ አይለቀስም፣ የሰው ቤት ነው። በወጉ ይነገረኝ" አለች። ልጁ ቴሌቪዥኑን አሁን ዘጋው።

እትዬ ማንጠግቦሽ ቤት አደርን። እሷም እናቴ መስማቷ ሲነገራት ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና ቆየችና፣ ከዚያ ተነሥታ ሥራዋን ጀመረች፤ ሰው ላከች፣ ቄስ አስጠራች። ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። ይርጋ ሲታፈስ ገና ያልተወለዱ አንድ ወጣት ቄስና ጥቂት ጎረቤቶች ገብተው እናቴን አስቀምጠው፣ እሷ የምታውቀውን፣ እኛም የምናውቀውን፣ እነሱ ግን ትናንት ማታ የሰሙትን ነገር እንደ አዲስ ነገሯት። የጮኸችውን ጩኸት ልጽፈው አልችልም። እኔ ምጥ ስሰማ የምውል ሰው ነኝ፣ እንደዚያ ያለ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም።

ሴቶቹ ጎረፉ። ይርጋን የሚያውቅ ግን ከእትዬ ማንጠግቦሽ በቀር የለም፤ አብረውት ያደጉት አንዳንዶቹ በዚያ ጦርነት፣ አንዳንዶቹ በበሽታ፣ ልጆቻቸውም በኋለኛው ጦርነት አልቀዋል። ቢሆንም ሴቶቹ አምርረው አለቀሱ፣ እያንዳንዷ የራሷ የሆነ ሰው ያላት ይመስል። ከመካከላቸው አንዲት ጠና ያለች ሴት ስትገባ ሌሎቹ ተሽቀዳድመው ቦታ ለቀቁላት፣ አንዷ ውሃ አመጣችላት፣ አንዷ ጋቢዋን አስተካከለችላት፤ ወጣቱ ቄስም አያትና ቶሎ ዓይኑን ወደ መሬት መለሰ። ያንን ደግነት አወቅሁት። ልጅ እንዳላትና ከወጣ እንዳልተመለሰ ማንንም ሳልጠይቅ ገባኝ፣ ወጥቼም አጥሩ ጥግ ቆምኩ።

ስመለስ ሙሾ አውጪዋ ከእናቴ ፊት ተቀምጣለች። ሟቹን የማታውቀው ሙሾ አውጪ እንደ ልማዱ ባለቤቱን ትጠይቃለች፣ በዚያ ላይ ነው ግጥሟን የምትቋጥረው። "እማማ፣ ልጅዎ ምን ይመስል ነበር? ሳቁ? አረማመዱ?" አለቻት። እናቴ "ሳቁማ..." ብላ ጀመረች። እትዬ ማንጠግቦሽን አየቻት፤ እትዬ ማንጠግቦሽ "ጨዋ ነበር" አለች፣ ከዚያ በላይ አልመጣላትም። ፎቶ አልነበረንም። እናቴ ወደ እኔ ዞረች፣ "አንቺ ታስታውሺ የለም?" አለችኝ፣ እንደመለማመጥ ባለ ድምፅ። እኔ ልጅ ነበርኩ፤ ለእኔ ያን ጊዜ ሁሉም ሰው ረጅም ነው። ያ ሁሉ ዘመን እንዳታለቅስ ስንጠብቃት፣ የምታለቅስለት ልጅ ከውስጧ ቀስ በቀስ ሲወጣ አላየነውም።

"እሺ፣ ቁመቱስ?" አለች ሙሾ አውጪዋ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

እናቴ ቀኝ እጇን መዳፏን ወደ መሬት ዘርግታ አነሣች፤ ከትከሻዋ በላይ አደረገችው። አይደለም ብላ ዝቅ አደረገችው። መልሳ ከፍ አደረገችው፣ እንደገና ዝቅ፣ ከዚያ የትኛው እንደሆነ ጠፍቷት እጇ አየር ላይ ቆመ። ሙሾ አውጪዋ እጇን ያዘችና ጭኗ ላይ መለሰችላት። ሴቶቹም ቁመቱን ሳያውቁ አለቀሱለት።